ባዶ ፍሬም ይዘን ጃናሞራ ወጣን

ሐሙስ

ድሬዳዋ ላይ የሱፍ ካልሲ ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ፈልጌአለሁ። ከዚራ ያለው ባለሱቅ «አቦ፣ ለፍሪጅሽ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። መጋላ ወርጄ ያገኘሁት የኳስ ተጫዋች ካልሲ ነበር፤ እሱኑ ገዛሁ። እናቴ ጋቢ አሸከመችኝ። ስቱዲዮ አብራኝ የምትሠራው ልጅ ደግሞ «እዚያ ትልቅ ሰው አንቱ ነው የሚባለው፤ አፍሽን ሰብስቢ» አለችኝ። እኛ ድሬዎች ማንንም አንተ ነው የምንለው፤ ምክሯን እሺ ብዬ ወዲያው ረሳሁት።

ጉዳዬ ፎቶ ነው። በቴሌግራም የምንገናኝ ፎቶ አንሺዎች አለን፤ አንዱ ሥራውን ይለጥፋል፣ ሌላው ይተቻል፣ የተተቸው ሳምንት ሙሉ ያኮርፋል። ከመሃላችን ሀብታሙ የሚባል የጎንደር ሰው አለ። የሚሠራው ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፣ ፎቶ የሚያነሳው ለነፍሱ ነው። ጠብታ ውሃ በሌለበት ቦታ ግንብና ዛፍ ሐይቅ ላይ እንዳረፈ አድርጎ ያነሳል። ምስጢሩን ብለምነው ብለምነው «ነይና ላሳይሽ፤ አንቺም የባጃጁን ታስተምሪኛለሽ» አለኝ። የባጃጁ ብልሃት የኔ ነው፤ ባጃጁ ሲበር ሾፌሩ ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ከኋላው ያለው ከተማ ሁሉ ቀለም ሆኖ ይፈስሳል። የሠርግ ገበያ አግኝቼበታለሁ፣ እንዲያው በቀላሉ የምሰጠው አልነበረም። ግን ጎንደርን አይቼ አላውቅም፤ ጉጉቴ ገበያዬን አሸነፈው።

አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላን ቀየርኩ። የጎንደሩ ማረፊያ አዘዞ ስወርድ እኔ ደረስኩ፣ ቦርሳዬ አልደረሰም። ካሜራው በእጄ ነበር፤ ጋቢውና የኳስ ካልሲው ግን አዲስ አበባ ቀርተዋል። በክፍት ጫማ ቆሜ ስነጫነጭ ሀብታሙ መጣ። ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። እግሬን አየና «ምነው፣ ባሕር ዳርቻ የመጣሽ መሰለሽ?» አለኝ።

ቤቱ ማራኪ ሰፈር ነው። ባለቤቱ ሰናይት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ትሠራለች፤ በሩ ላይ እንዳየችኝ ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ ሹራብና ካልሲ ይዛ ተመለሰች። ተጋቢኖ ቀረበ። እኛ አገር «ብላ» ይባላል፣ ካልበላህ ሳህኑ ይነሳል። እዚህ ግን መብላት ክርክር ነው። «በሞቴ!» ትላለች ሰናይት፤ እጎርሳለሁ። «አፈር ስሆን!» እጎርሳለሁ። በመጨረሻ «አቦ ሰናይት፣ ስንቴ ነው የምትሞቺው?» ስላት ሳቋ ቤቱን ሞላው።

እራት ከተነሳ በኋላ ነው ሀብታሙ የጋበዘኝን ዋና ምክንያት ያወጣው። ግድግዳው ላይ የአባቱ ፎቶ ተሰቅሏል። ሰውየው ካቻምና ሲያርፉ አንድም ፎቶ አልነበራቸውም፤ ከቀበሌ መታወቂያቸው ላይ ተነስቶ ነው የጎላው። ማኅተሙ አብሮ ጎልቶ ሰማያዊ ግማሽ ክብ ከአገጫቸው እስከ ጆሯቸው ወጥቷል።

«አባቴን ከነማኅተሙ ነው ያለቀስኩት» አለኝ። «እናቴን ግን እንዲህ አላደርጋትም። ጃናሞራ ናት፣ ሰባ አልፏታል። አንዴ አይደለም ሁለቴ አይደለም፣ ካሜራ ይዤ ወጥቼ እንቢ ብላ መልሳኛለች። ምክንያቷን አትነግረኝም። ሴት ስትጠይቃት፣ ያውም እንግዳ፣ እሺ ትል ይሆናል ብዬ ነው።»

«እና ለእናትህ ነው እንዴ ያስመጣኸኝ?» ብዬ አላገጥኩበት። ግን ያን ሰማያዊ ማኅተም ካየሁ በኋላ ሆዴ እሺ ብሎ ነበር።

ዓርብ

በማለዳ ፋሲል ግቢ ገባን። ስለ ግንቦቹ ሌሎች ብዙ ጽፈዋል፤ እኔ የምነግራችሁ የሀብታሙን ምስጢር ነው፣ ፈቅዶልኛል። ስልኩን አጠፋና የጠቆረውን መስታወት ከሌንሱ ሥር አግድም ገጠመው። በቃ! ግንቡ ስልኩ ላይ ተገልብጦ ወረደ፣ ደረቁ ሣር ካሜራው ውስጥ ሐይቅ ሆነ። ስንት ወር የለመንኩት ምስጢር የስልክ መስታወት ሆኖ አረፈው! ተናደድኩም፣ ሳቅሁም። ስሞክረው የኔ ስልክ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስለሆነ ሐይቁ መሃል መብረቅ የወረደ መሰለ። ሀብታሙ አየውና «ይኼማ ከኔ ይበልጣል» አለ።

በተራዬ አስፋልት ዳር አቁሜ የባጃጁን አስተማርኩት። የካሜራውን ሻተር ታዘገያለህ፣ ባጃጁን ከሩቅ ትቀበለዋለህ፣ ወገብህን እያዞርክ ትሸኘዋለህ፤ እግርህ ግን ንቅንቅ አይልም። ችግሩ ድሬ ሜዳ ነው፣ ጎንደር ዳገት። የእኛ ባጃጅ ይበራል፤ የጎንደሩ እያቃሰተ ሲወጣ እግረኛ ይቀድመዋል። ሀብታሙ ወገቡን አዙሮ ሲጨርስ ባጃጁ ገና አልደረሰም። ሾፌሮቹ «ምን ሆነው ነው የሚሽከረከሩት?» እያሉ ቆመው ያዩን ጀመር። ኋላ ወደ ቁልቁለቱ ተሻገርንና ሆነልን።

ከሰዓት ፒያሳ ጋሽ መርሻ ዘንድ ሄድን። ጋሽ መርሻ በፊልም ዘመን የጀመሩ፣ ዛሬም ስቱዲዮ ያላቸው ሰው ናቸው፤ የከተማው ፎቶ አንሺ ሁሉ ሥራውን እሳቸው ፊት ዘርግቶ ይወቀሳል። እኔም ዘረጋሁ። «እሺ፣ አንተ ምን ትላለህ?» አልኳቸው። ሀብታሙ ጣሪያውን ማየት ጀመረ።

«ድሬ ናት» አላቸው ቀስ ብሎ።

«እንግዲያማ አይፈረድባትም» ብለው ሳቁ ጋሽ መርሻ። ፎቶዎቼን ግን አልማሯቸውም። «ሁሉም ይሮጣል። ሙሽራዋ ትሮጣለች፣ ሚዜው ይሮጣል። ቆሞ የሚያየኝ ሰው የለሽም?»

«መቆምማ ለመታወቂያ ነው» አልኩ። ደሜ ፈልቶ ነበር።

«እስቲ ሞክሪው። የሚከብደው እሱ ነው።»

ሻዬን ጠጣሁ። ድሬ ቢሆን ተሰዳድበን፣ ታርቀን፣ ምሳ በልተን ነበር፤ እዚህ ትችቱ በጨዋ ደንብ ስለሚመጣ መልሶ መስደብ አይቻልም። ለሀብታሙ ደግሞ ረጅም ሌንሳቸውን አወጡለት። «እናትህን ከማዶ ሆነህ አንሳት፤ አታውቅም» አሉት።

«የሰረቅሁትን ፊት ግድግዳ ላይ ሰቅዬ እንዴት አየዋለሁ ጋሽዬ? እሺ ብላ፣ እያየችኝ ነው የምፈልገው።»

ጋሽ መርሻ ሌንሱን ወደ ቦታው መለሱት።

ስንመለስ በአራዳ ገበያ በኩል አለፍን። ሀብታሙ ለእናቱ ስጦታ ፍሬም ሊገዛ አሰበ፤ ቤቷ ገብቶ ስታየው ልቧ ይራራል ብሎ። እሱ ትንሽ የእንጨት መረጠ። እኔ ነኝ «አቦ፣ እናት እኮ ናት!» ብዬ ትልቁን፣ ወርቅ ቅቡን፣ ማዕዘኑ ላይ አበባ ያለበትን ያስያዝኩት። ባለሱቁ ጋዜጣ ሲጠቀልልበት ቀና ብሎ አየን፤ አንድ ነገር ሊጠይቅ ፈልጎ ነበር መሰለኝ። ደስ ያለው ፊታችንን ሲያይ ግን ተወው።

ማታ ቦርሳዬ ከአዘዞ መጣ። ካልሲዬን አቀፍኩት።

ቅዳሜ

እስከ ደባርቅ በሚኒባስ ሄድን። አምባ ጊዮርጊስና ዳባት ሲታለፉ ግራ ቀኙ የገብስ አዝመራ ነው። እኛ አገር ከከተማ ስትወጡ ግመልና አቧራ ነው የሚቀበላችሁ፤ እዚህ ሰው ሁሉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ ከበቅሎው ጋር ይጓዛል። የጥቅምት ብርድ ሲባል የምሰማው ለካ እውነት ነው።

ደባርቅ ላይ ወደ ጃናሞራ ከተማ፣ ወደ መካነ ብርሃን የሚወጣ አይሱዙ አገኘን። ጋቢና ውስጥ አንዲት ሴትዮ ቀድመው ተቀምጠዋል። ጉልበቴ ላይ ያለውን ጥቅልል አዩ፣ ከዳር የወጣውን ወርቃማ ማዕዘን አዩ፣ ብድግ ብለው በመስኮቱ በኩል ያለውን ቦታ ለቀቁልኝ። «እግዜር ያጥናችሁ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አሜን» አለ ሀብታሙ። ወደ እኔ ዞሮ «አባቴን ያውቁት ነበር ማለት ነው» አለኝ። እኔም አመንኩ። ሴትዮዋ መንገዱን ሙሉ ቆሎ እየቆነጠሩ በእጄ ሲያኖሩልኝ፣ የጎንደር ሰው እንግዳ አክባሪነቱ ልክ የለውም እያልኩ ተደነቅኩ።

ተራራውን በምን ልንገራችሁ። መንገዱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጉም ይመጣል፣ ጉሙ ሲገለጥ ከጎናችሁ መሬት የለም። ጭላዳዎቹ መንገድ ዳር ተቀምጠው ሣር ይነቅላሉ፤ መኪናው ክላክስ ሲያደርግ ምን አገባህ ብለው ነው የሚያዩት። ላነሳቸው ካሜራዬን ሳወጣ ባትሪው ሞቷል። ሁለተኛውም ሞቷል። ልጮህ ስል ሀብታሙ ሳቀ፤ «ሞቶ አይደለም፣ በርዶት ነው። ብብትሽ ውስጥ ክተቺው።» ከተትኩት። እውነትም እስክንደርስ ነፍስ ዘራ።

መካነ ብርሃን ስንደርስ መሽቶ ነበር። የአልጋ ቤቷ ባለቤት «ከቆላ ነው የመጣሽ የኔ ልጅ?» ብላ እግሬን የሚያሞቅ ውሃ በማንቆርቆሪያ አፈሰሰችልኝ፣ ከራሷ አልጋ ብርድ ልብስ ገፍፋ አመጣችልኝ። ድሬ ውስጥ እንግዳ ሲመጣ ፋኑ ወደ እሱ ይዞራል፤ እዚህ ብርድ ልብሱ ነው የሚዞረው። ሹራብ ላይ ጋቢ፣ ጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ደርቤ ባትሪዎቼን አቅፌ ተኛሁ።

እሑድ

የእናቱ ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ በእግር ወረድን። እማማ ጥሩነሽ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ደጃፍ ላይ ቆመዋል። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። ልጃቸውን አንገቱን አቅፈው ሳሙት፣ ግን ፊቱን አላዩትም፤ ወዲያው ወደ እኔ ዞሩ። «ምነው ቆያችሁ? ትናንት ትደርሳላችሁ አልተባለም?» ወንድማቸው አያ ደምሴም እንግዳ መጣ ሲባል ከጎረቤት መጥተው ነበር። የገብስ እንጀራና እርጎ ቀረበ። እኔም አፌን ሰብስቤ፣ አንቱ እርስዎ እያልኩ፣ በየዓረፍተ ነገሩ እያላበኝ በላሁ።

ከበላን በኋላ ሀብታሙ ጋዜጣውን ፈታው።

እማማ ጥሩነሽ ፍሬሙን አዩት። ባዶ ነው፤ መስታወቱ ላይ የሚታየው የእሳቸው ጥላ ብቻ ነው።

«ይኼ የማን ነው?»

«ያንቺ ነው እማዬ። አንቺን እናደርግበታለን።»

አልተቆጡም። ብድግ አሉና ወደ ውጭ ወጡ። አያ ደምሴ ፍሬሙን ከልጁ እጅ ተቀብለው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞሩት።

«ምነው ልጄ? በቁሟ?» አሉት።

ሀብታሙ አልገባውም። እኔማ ጭራሽ። አያ ደምሴ ቁጭ ብለው ነገሩን። እዚያ አገር እንዲህ ያለ ፍሬም የሚገባው ሰው የሞተበት ቤት ብቻ ነው። የሟቹ ፎቶ ጎልቶ በዚህ ይገባል፣ ለቅሶ ላይ ዘመድ ከፍ አድርጎ ይዞት ይወጣል። ሰው ብቻውን ተነስቶ ፎቶው የሚጎላው ለዚያ ነው። «ባለፈው የገባው ያባትህ ነበር» አሉ። «ረሳኸው? አንተው ነህ ተሸክመህ ያመጣኸው።»

«እኔ እኮ ለግድግዳ ብዬ...»

«ቆይ፣ አላለቀም። አምና ሆዷን ሲያማት ጎንደር ወሰድካት፣ ደሟን ቀዳህ። ምንም የለብሽም ብለህ መለስካት። ወዲያው ካሜራ ይዘህ መጣህ። እንቢ ስትልህ ደግሞ መጣህ፣ ደግሞ መጣህ። ሐኪም ቤት የሚሠራ ልጅ እናቱን ፎቶ ላንሳሽ ላንሳሽ ሲል ምን ትበል? የምትደብቃት ነገር ያለ መሰላት። መገነዣዋን ገዝታ ካስቀመጠች ቆየች፤ ለነፍስ አባቷም ተናዝዛለች። ፎቶውን ከተነሳች የሚቀራት መሞት ብቻ መስሏታል።»

«ለምን አልነገርከኝም አያ?»

«አስምላኝ ነዋ! ዛሬ ግን ይኼን ነገር ሳይ መሐላው አንቆ ያዘኝ።»

ሀብታሙ ብድግ አለ። እኔ ደግሞ ትልቁን ይሁን፣ ወርቁን ይሁን ያልኩበት አፌን መሬት ተከፍቶ ቢውጠው በወደድኩ። የአይሱዟ ሴትዮ ቆሎ ለምን እንደሆነም ያኔ ገባኝ።

ሀብታሙ ወጣ። እናቱ ከገብሱ ክምር አጠገብ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል። እኔና አያ ደምሴ በሩ ላይ ቀረን፤ ሁሉም ይሰማል።

«እማዬ፣ ሚካኤልን ምንም የለብሽም! ደምሽን ያየሁት ራሴ ነኝ።»

«ደህና የሆነን ሰው በፍሬም ማስቀመጥ ምን አመጣው?»

«ስለምፈራ ነዋ! ያባቴን አላየሽም? ፊቱ ላይ ማኅተም አለ። ያንቺም እንዳይጠፋብኝ ነው።»

«በአባትህ አጥንት ማልልኝ» አሉት። ማለ። እሳቸውም በእጃቸው የያዙትን ከዘራ አንስተው ጀርባው ላይ አሳረፉበት። «ዓመት ሙሉ!» ይላሉ፣ ደግመው ያሳርፋሉ። «ዓመት ሙሉ እኮ ስሞት ከረምኩ! አንተ የማትረባ! ሌሊቱን ሳጣጥር እያደርኩ!» እያለቀሱ ነው፣ እየሳቁም ነው። እሱ አይሸሽም፤ ጎንበስ ብሎ ይቀበላል።

«በይው፣ ይገባዋል» አሉ አያ ደምሴ። የእሳቸውም ዓይን እርጥብ ነበር። እኔ ካሜራ አንገቴ ላይ እንዳለ እንኳ ትዝ አላለኝም።

እማማ ጥሩነሽ ፊታቸውን ጠርገው ገቡ፣ የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው ወጡ። «በይ አንቺ፣ ካሜራሽን አውጪ» አሉኝ። ሀብታሙ ሮጦ የራሱን ካሜራ ይዞ መጣ። ስንት ጊዜ ያለመው ቀን ነው።

«አንተ ወዴት? ና አጠገቤ ቁም።»

«እኔ ነኝ እኮ የማነሳሽ እማዬ።»

«ብቻዬን አልነሳም። ከሕያው ሰው ጋር የተነሳን ፎቶ ማንም ለለቅሶ አያወጣውም። ና ቁም ብያለሁ።»

ካሜራውን ለእኔ ሰጠኝ። ሲሰጠኝ እጁ ለቀቅ ለማድረግ ትንሽ ዘገየ። በመንገድ ላይ ስንት ነገር አስቤ ነበር፤ በስልኩ መስታወት ላድርገው፣ ጉሙን ልጠብቅ፣ ሻተሩን ላዘግየው እያልኩ። ሁሉንም ተውኩት። እማማ ጥሩነሽ ራሳቸው ነገሩኝ፤ እግራቸው ይታይ፣ እጃቸው ይታይ፣ የቤቱ በር ይግባ። አያ ደምሴ ካሜራው ፊት የመጣውን የቤቱን ውሻ ሊይዙ ሄዱ፤ ጅራቱ ግን ፎቶው ውስጥ ገብቷል። ሴትየዋ ቀጥ ብለው አዩኝ። እንደዚያ የሚያይ ሰው አንስቼ አላውቅም፤ ጣቴ ራሱ ዘገየብኝ።

«የታል? ላየው» አሉ።

ካሜራውን ቀረብ አደረጉት፣ ራቅ አደረጉት። ስለራሳቸው አንድ ነገር ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ስክሪኑን ትተው ቀና አሉና ልጃቸውን አዩት። እጃቸውን ሰደው ከጆሮው በላይ ያለውን ጠጉር ነኩት።

«ሸብተሃል» አሉት። «መቼ ሸበትክ?»

«ቆየ እኮ እማዬ።»

«አላየሁማ። ዓይንህን ባየው ሞቴ የተጻፈበት እየመሰለኝ ዓመት ሙሉ ፊትህን አላየሁትም።»

አያ ደምሴ «በሉ ግቡ፣ ብርዱ መጣ» አሉ። ወርቃማው ፍሬም የቅዱስ ሚካኤል ስዕል እንዲገባበት ተወሰነ፤ እማማ ጥሩነሽ ራሳቸው ናቸው ቦታውን ያሳዩት።

ሰኞ

በሶና ቆሎ ተሸክመን ወረድን። አይሱዙው ደባርቅ እስኪደርስ ሀብታሙ ካሜራውን እየከፈተ ያያል፣ ይዘጋል፣ ይከፍታል። ጀርባው ከዘራው ያረፈበት ቦታ እንደሚያመው ነገረኝ፤ ሲነግረኝ ደስ ብሎት ነበር። ጎንደር ስንደርስ ሰናይት ታሪኩን ሰምታ አለቀሰች፣ ከዚያ እኔን «በሞቴ ብዪ» አለችኝ። በላሁ።

ድሬ ተመልሼ፣ ካልሲዬን አውልቄ በሙቀቱ ከተደሰትኩ በኋላ፣ በእማማ ጥሩነሽና በሀብታሙ ፈቃድ ፎቶውን ቡድናችን ውስጥ ለጠፍኩት። አስተያየት ስጡኝ አልኩ፤ ለዚሁ አይደል የምንገናኘው። አንዱ ብርሃኑን ወደደው። አንዷ የውሻው ጅራት ምን ይሠራል አለች። አንድ ፊቱን የማላውቀው አባል ግን ረዘም አድርጎ ጻፈ፤ ሴትዮዋ ድንቅ ናቸው፣ አጠገባቸው የቆመው ሰው ግን ዓይን ይሰርቃል፣ እሱን ቆርጠሽ አውጪው። ሥራውን አቅልሎልኝም ነበር። ሀብታሙን ቆርጦ፣ ቀለሙን ጥቁርና ነጭ አድርጎ፣ እማማ ጥሩነሽን ብቻቸውን ከጨለማ ውስጥ አውጥቶ ለጥፎታል። እውነት ለመናገር ሸጋ ፎቶ ሆኖ ነበር። በደቂቃ ውስጥ ልብና ጭብጨባ ጎረፈለት።

ነገሩን ላስረዳ መጻፍ ጀመርኩ፤ ስለ ለቅሶው፣ ስለ ፍሬሙ፣ ስለ ደሙ። ረዘመብኝ፣ አጠፋሁት፣ እንደገና ጀመርኩ። ይህን ጊዜ ከዚያ ሰው ፎቶ ሥር የሀብታሙ መልስ ገባ። ሀብታሙ ማንም ቢተቸው አመሰግናለሁ ሳይል ቀርቶ አያውቅም።

«አጥፋው። እማዬ ደህና ናት» ይላል።